ብረት በበከለው የማዕድን መሬት ላይ የጌጥ ቁጥቋጦ መምረጥ

ማዕድን ማውጣቱ ሲያበቃ የሚቀረው ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ተፈጭቶ የሚፈለገው ከወጣለት በኋላ የተጣለው ደቃቅ ዝቃጭ እርሳስ፣ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ አንዳንዴም አርሴኒክ እንደያዘ ይከመራል። እነዚህ ብረቶች ደግሞ እንደ ቅጠል በስብሰው አያልቁም። በጋ ላይ በንፋስ አቧራ ሆነው ይነሳሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። አፈሩን ጠርጎ ማንሳት ኪስ ስለሚያራቁት፣ ብዙ ጊዜ የሚቀለው መሬቱን በተክል ማልበስ ነው።

ለምን የጌጥ ተክል? ስለማይበላ ነዋ! አትክልት ብትዘሩበት ካድሚየሙ ቀጥታ ማዕድ ላይ ይቀርባል።

ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው አበባው ማማሩ ሳይሆን ተክሉ ብረቱን የት እንደሚያስቀምጥ ነው። እንበል፣ በአንድ ኪሎ ደረቅ ሥር ውስጥ 200 ሚሊግራም እርሳስ ተገኘ፣ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ደግሞ 40። 40ን ለ200 ስታካፍሉት 0.2 ይሆናል። ውጤቱ ከ1 በታች ከሆነ ተክሉ ብረቱን ሥሩ ላይ ይዞ ያስቀራል ማለት ነው፤ መሬቱን ለመሸፈን የሚፈለገውም እሱ ነው። ከ1 በላይ ከሆነ ግን ወደ ቅጠሉ ያወጣዋል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ብረቱ ተመልሶ አፈሩ ላይ ይነጠፋል። እንዲህ ያለው የሚጠቅመው ቅርንጫፉን በየጊዜው አጭዶ ብረቱን ከቦታው ለማስወጣት ካሰባችሁ ነው። (ቅጠሉ ከመመርመሩ በፊት በደንብ ይታጠብ፤ አለዚያ የምትለኩት ላዩ ላይ ያረፈውን አቧራ ነው።)

ኦሊያንደር የሚባለው ባለ አበባ ቁጥቋጦ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ድርቅ ይችላል፣ ሁለመናው መርዛም ስለሆነ ከብት አይደፍረውም። ለዚያው ግን ልጆች የሚጫወቱበት አጠገብ አይተከልም። የወፍ ቆሎም እርሳስን ይቋቋማል፣ እኔ ግን አልመክረውም፤ ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን ይበትኑታል፣ በብዙ አገር ከባድ ወራሪ አረም ሆኗል።

ተክሉ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ዝቃጩ ፒራይት (ድኝ ያለበት ማዕድን) ካለበት ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱ ደግሞ ብረቱን ያሟሟዋል። ኖራ ሲጨመር እርሳስና ዚንክ ረጋ ይላሉ። አርሴኒክ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኖራ ሲበዛበት ይበልጥ ሊለቀቅ ይችላል፣ ስለዚህ ሳይመረመር ኖራ መነስነስ አያዋጣም። ኮምፖስትም ያስፈልጋል፣ ዝቃጩ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል።

ችግኙን በብዛት ከመግዛታችሁ በፊት የዚያኑ ቦታ አፈር ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ ጥቂቱን ሞክሩ። የችግኙ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሥሩ አጥሮ ከቀረ ሌላ ፈልጉ። ኋላ ላይ የሚከረከመውን ቅርንጫፍም ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት፣ ሜዳ ላይም አታቃጥሉት፤ ውስጡ የያዘው ብረት በአመዱና በጭሱ ይመለሳል።