ሸሚዙን ያበላሸው ላብ አይደለም

ላውንደሪ ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሰውን ጠባይ ከፊቱ ይልቅ ከሸሚዙ ብብት ማንበብ ለምጃለሁ። ነጭ ሸሚዝ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋ ቀድሜ የማየው ኮሌታውን ሳይሆን ብብቱን ነው። እዚያ ቢጫ የሆነ፣ እንደ ካርቶን የደረቀ ነገር ካገኘሁ ባለቤቱ የሚናገረውን ከአፉ ሳይወጣ አውቀዋለሁ፦ «ላብ ነው፤ የእኔ ላብ ከባድ ነው።»

አይደለም። በየሳምንቱ «አይደለም» ማለት ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

ባለፈው ዓመት ለሠርጉ ሦስት ሳምንት የቀረው ወጣት አራት ሸሚዝ ይዞ መጣና «እትዬ፣ የእኔ ላብ አሲድ ሳይሆን አይቀርም፤ ልብስ ይበላል» አለኝ። አፍሮ ነበር። «ልጄ፣ አንገትህን አያልብህም?» አልኩት። ያልበኛል አለ። «ጀርባህንስ?» ጀርባውንም ያልበዋል። ታዲያ የኮሌታው እድፍ በሳሙና ከለቀቀ፣ ጀርባው ነጭ ከሆነ፣ ብብቱ ብቻ ለምን ቢጫ ሆኖ ደረቀ? አንገትህና ጀርባህ ላይ የሌለ፣ ብብትህ ላይ ብቻ ያለ ነገር ምንድን ነው? ጥቂት አሰበና ከቦርሳው ዲዮዶራንቱን አወጣ።

ሁላችንም «ዲዮዶራንት» ብለን የምንጠራቸው፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ነገሮች ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ሽታን ይከላከላል እንጂ ላቡን አይነካውም። ሁለተኛው፣ «አንቲፐርስፒራንት» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ላቡን ራሱን ይቀንሳል። ይህን የሚያደርገው በአሉሚኒየም ጨው ነው። ጨው ስል ወጥ ውስጥ የምንጨምረውን ማለቴ አይደለም። ይህ ጨው ላብ ሲያገኘው እንደ ሙጫ ረግቶ የላብ ቱቦውን አፍ ለጊዜው ይደፍነዋል። ቆዳ ላይ የረጋው በገላ መታጠብና በጊዜ ይሄዳል። ልብስ ላይ የረጋው ግን ከላቡ ፕሮቲን፣ ከቆዳ ቅባትና በደንብ ካልተለቃለቀ የሳሙና ቅሪት ጋር ተያይዞ በጥጡ ክር መካከል ይቀመጣል። በላዩ ካውያ ሲያርፍበት ይጋገራል። ቢጫው እሱ ነው።

ልጁ «ልብስ ይበላል» ያለው ግን ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ በምትባል ከተማ፣ ኤድና መርፊ የተባለች ወጣት፣ ሐኪም የነበረው አባቷ በቀዶ ሕክምና ወቅት እጁን እንዳያልበው የቀመመውን ፈሳሽ ለብብት አድርጋ «ኦዶሮኖ» በሚል ስም ትሸጥ ነበር። ያ ፈሳሽ ቀለሙ ቀይ፣ ጠባዩም አሲድ ነበር፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ልብስ ያቀልማል፣ ጨርቅም ይበሳል። ሰዉ እየተቃጠለም ቢሆን ይገዛው ነበር። አሲዱን የሚያለዝብበትን ዘዴ ዡል ሞንቴኒዬ የተባለ ኬሚስት በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። እንግዲህ ልብስ የሚበላ ነገር ነበረ፤ ላብ ግን አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቀጣዩ እምነት ነው፦ «ቢጫውን በረኪና ያስለቅቀዋል።»

በረኪና ቢጫውን አያስለቅቅም፤ ያባብሰዋል። ክሎሪኑ በክሩ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ቢጫውን ያጠነክረዋል፣ ጥጡን ደግሞ ያሳሳዋል። ሐርና ሱፍ ከሆነማ ልብሱን ተሰናበቱት። አንዲት ደንበኛዬ ከጥምቀት በኋላ የሀበሻ ቀሚሷን አመጣች። ብብቱን ገልጬ ሳይ ጨርቁ በጣቴ ሥር እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደደ፤ በአጠገቡ ያለው ጥበብ ቀለሙን ጥሎ ገርጥቷል። «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» አለችኝ፤ ገና ወደ ውስጥ ሳናስገባው! ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ስረከብ በደንበኛው ፊት አሸትተዋለሁ። በረኪና ይናገራል፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦም ይናገራል።

ይልቅስ ይህን አድርጉ። ልብሱን በሙቅ ውሃ አትጀምሩ፤ ሙቀት ፕሮቲኑን ያጋግረዋል። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ብብቱን ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ወስዳችሁ ከውስጥ በኩል ቀስ ብላችሁ እሹት፤ የሚጣበቀው ከውስጥ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያሸው ግን ከውጭ ነው። በደንብ አለቅልቁና በሳሙና እጠቡት። ነጭ ጥጥ ሆኖ አሁንም ካልለቀቀ፣ አቼቶው ሙሉ በሙሉ ከታጠበ በኋላ ከፋርማሲ የሚገዛውን ሦስት በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አፍስሱበትና ጥቂት ቆይታችሁ እጠቡት። ቀለም ያለው ልብስ ላይ ግን አትሞክሩት። ቢጫው እስኪለቅ ድረስ ካውያ አይንካው። አቼቶንና በረኪናን ደግሞ በምንም ምክንያት አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀላቅላ እያሳለች የወጣች ሠራተኛ ስለነበረችኝ ነው።

ሌሎች እምነቶችም አሉ። «ብዙ ከቀባሁ ብዙ ይከላከላል።» ብዙ ከቀባችሁ ብዙ ወደ ልብሱ ያልፋል። እያንዳንዱ የላብ ቱቦ አፉ አንድ ነው፤ ከተደፈነ ተደፈነ። ሙሽራዬ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀባ ነበር፤ ያውም ሸሚዙን ለብሶ፣ እጁን በቁልፎቹ መካከል አስገብቶ። አንቲፐርስፒራንት የሚሻለው ማታ፣ በደረቀ ቆዳ ላይ፣ በስሱ ነው፤ ሌሊት ላብ ስለሚቀንስ ጨው ሳይታጠብ ሥራውን ይሠራል። ጠዋት ገላ ብትታጠቡም ከቱቦው አፍ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ጠዋት የሚቀባ ሰው ደግሞ እስኪደርቅ ልብሱን አይልበስ። ጥርስ መቦረሽ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ነው።

«ላብ ይሸታል።» ትኩስ ላብ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ የሚሸተው ብብት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ነው።

«ላብን ሙሉ በሙሉ ያቆማል።» የአሜሪካ ደንብ አንድን ምርት አንቲፐርስፒራንት ለማለት የሚጠይቀው ላብን ቢያንስ 20 በመቶ እንዲቀንስ ነው። ሃያ በመቶ! ስለዚህ ችግራችሁ ሽታ ብቻ ከሆነ፣ የብዙ ሰው ችግር ደግሞ እሱ ነው፣ አሉሚኒየም የሌለውን ተራ ዲዮዶራንት ግዙ፤ ቢጫውም አብሮ ይቀንሳል። እጃቸውን ሲያነሡ ሸሚዛቸው ርሶ ለሚታይ ሰዎች ግን አንቲፐርስፒራንት ይጠቅማል፤ ዋጋውን በአቼቶ ይክፈሉ።

«ካንሰር ያመጣል።» ይህ ወሬ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢሜይል ሲዞር የነበረ ነው። በአሜሪካ ሲያትል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የጡት ካንሰር የያዛቸውን 813 ሴቶች ካልያዛቸው 793 ጋር አነጻጽሮ ግንኙነት አላገኘም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አሉሚኒየም ያለበትን ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ይህ በአሜሪካ በሚሸጡት ላይ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

«ተፈጥሯዊ ከሆነ ለቆዳ ይስማማል።» የእህቴ ልጅ ይህን አምና ብብቷን በሎሚ ታሽ ነበር። የእኛ ሎሚ ብርቱ አሲድ ነው፤ ቆዳ ደግሞ የሚወደው ለዘብ ያለውን ነው። ምላጭ በነካው ብብት ላይ ሲያርፍ የሚያደርገውን የቀመሰ ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠልና ጠቁሮ ይቀራል። ልጅቷ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ውላ ያመጣችው ጥቁረት ለመጥፋት ወራት ፈጀበት። ሎሚውን ስትተው ቤኪንግ ሶዳ ጀመረች፤ እሱ ደግሞ በተቃራኒው የቆዳን አሲድነት ያጠፋል፣ ያሳክካል። አሁን ሽቶ የሌለበት ሮል ኦን ትቀባለች፤ ሰላም ነች።

«ከአሉሚኒየም ነጻ» ተብሎ የሚሸጠው እንደ በረዶ የነጣው ድንጋይም የፖታሲየምና የአሉሚኒየም ጨው ነው። ሻጩን ብትጠይቁት ይቆጣል።

«ውድ ከሆነ፣ ከዱባይ ከመጣ፣ ለቆዳ ይሻላል።» በአብዛኛው የከፈላችሁት ለሽቶው ነው፤ በመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ የቆዳ አለርጂ ከሚያስነሡት ዋና ዋና ነገሮች ደግሞ አንዱ ሽቶ ነው። ዲዮዶራንት ውስጥ በብዛት ይገባ የነበረው «ላይራል» የተባለ ሽቶ በዚሁ ምክንያት በአውሮፓ ኅብረት ታግዷል። ብብቱ የሚያሳክከው ሰው ሽቶም አልኮልም የሌለበትን ይምረጥ፤ ከተላጨ በኋላም እስከ ማግስቱ ይታገሥ። ሽፍታው ካልጠፋ የቆዳ ሐኪም ጋር ይሂድ፤ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ።

ጥቁር ልብስ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ሌላ ነገር ነው፤ የደረቀ የዲዮዶራንት ዱቄት ነው። ውሃ አታስነኩት፤ በደረቅ የናይለን ካልሲ እሹት፣ ይሄዳል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዲዮዶራንቱን ሦስት ጊዜ ለውጠው «ምንም አልሠራ አለ» የሚሉ ሴቶች ይመጣሉ፤ ቀሚሱ ሽፎን ነው። ሽፎኑ ፖሊስተር ነው። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ብስክሌት ሲጋልቡ ያላባቸውን የ26 ሰዎች ቲሸርት አሽትተው፣ ፖሊስተሩ ከጥጡ ይልቅ ይሸት እንደነበር ጽፈዋል። ዲዮዶራንቱ ያለ ኃጢአቱ ተሰድቧል። ከሥር ስስ የጥጥ ካናቴራ ልበሱ፤ ቀሚሱንም ለሚቀጥለው በዓል ብላችሁ ሳታጥቡ ቁምሣጥን ውስጥ አትስቀሉት።

ሙሽራው ከሠርጉ ሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። እጅጌውን ገለጥኩ፤ ብብቱ እንደ ወተት ነጭ ነው። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ኪሱ ላይ የፈሰሰ እስክሪብቶ አየሁ፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ። «እትዬ፣ በረኪና ትንሽ ነው ያስነካሁት» አለኝ።