ሰብዓዊ ፋታ ምንድን ነው?

ስለ ጦርነት በሚወራበት ዜና ሁሉ አንድ አባባል ደጋግሞ ይመጣል። አንዱ ጋዜጠኛ «ሰብዓዊ ተኩስ አቁም» ይለዋል፤ ሌላው «ጊዜያዊ እረፍት» ይለዋል። እኔ «ፋታ» የሚለውን እመርጣለሁ። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥራ የበዛበት ሰው «ፋታ የለኝም» ይላል። የተጨነቀ ሰው «እባክህ ፋታ ስጠኝ» ይላል። ፋታ የጠየቀ ሰው ሥራው አለቀ ማለቱ አይደለም። ትንሽ ልተንፍስ ነው የሚለው።

የጦርነት ፋታም እንደዚሁ ነው። ጦርነቱ አላለቀም። ተዋጊዎቹ አልታረቁም። ግን ለተወሰነ ሰዓት ወይም ቀን፣ በተወሰነ ቦታ፣ ሰላማዊ ሰው እንዲተርፍ ሲባል ብቻ ተኩሱ ይቆማል። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ሠራተኞች ቃሉን ሲጠቀሙበት አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ የሚመለከታቸው ወገኖች ሁሉ ሊስማሙበት ይገባል። አንዱ ብቻውን ያወጀው ፋታ ሁልጊዜም ስጋት አለበት። የምግብ መኪናው ሹፌር መንገዱ ላይ ሲወጣ ሌላኛው ወገን ምን እንደሚያደርግ ማንም አልነገረውም።

«ተኩስ አቁም» ከዚህ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ጦር ግንባሩን በሙሉ ይይዛል፤ ከጀርባው ፖለቲካ አለ፤ ወደ ድርድር ያመራል ተብሎ ይታሰባል። «ሰብዓዊ ኮሪደር» ደግሞ ሌላ ነው። ፋታ ስለ ጊዜ ነው፤ ኮሪደር ስለ መንገድ ነው። ብዙውን ጊዜ አብረው ስለሚጠሩ ይምታታሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ሰብዓዊ ፋታ» የሚል ቃል እ.ኤ.አ. በ1949 በወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች ውስጥ የለም። ሐሳቡ ግን አለ። የአራተኛው ስምምነት አንቀጽ 17 ተዋጊዎች ከተከበበ ቦታ ቁስለኞችን፣ ሕመምተኞችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ለማውጣት በአካባቢ ደረጃ እንዲስማሙ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ለተቸገረ ሰላማዊ ሰው እርዳታ እንዲደርስ የመፍቀድ ግዴታ ፋታ ኖረም አልኖረም አለ። እርዳታ ማሳለፍ ፋታ ሲታወጅ ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም። «ፋታ ሰጠናቸው» የሚል መግለጫ ስሰማ ይህ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል።

ፋታ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ወደ ኤል ሳልቫዶር እንሂድ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1985 ነው። መንግሥትና ሽምቅ ተዋጊዎች ይዋጋሉ። የዩኒሴፍ ዋና ኃላፊ የነበሩት ጄምስ ግራንት ለፕሬዚዳንት ሆሴ ናፖሊዮን ዱዋርቴ ሐሳብ አቀረቡ። በጥይት ከሚሞተው ሕፃን ይልቅ ክትባት ባለማግኘት የሚሞተው ይበልጣል፤ ስለዚህ ለክትባት ብላችሁ ተኩስ አቁሙ አሏቸው። ሽምቅ ተዋጊዎቹን ለማሳመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሐል ገባች። ሦስት ቀናት ተገኙ። ቀናቱ ተከታታይ አልነበሩም፤ በሳምንታት የተራራቁ ነበሩ። ክትባቱ አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ፋታውም በክትባቱ ልክ ተሰፋ። ወደ 250,000 የሚጠጉ ሕፃናት ተከተቡ። «የእርጋታ ቀናት» ተባሉ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በስምምነት እስኪያበቃ ድረስ በየዓመቱ ተደገሙ።

እ.ኤ.አ. በ1995 በሱዳን የሆነውም ከዚህ ይዛመዳል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ተዋጊዎቹን አሳምነው በተበከለ ውኃ ለሚተላለፈው የጊኒ ዎርም (የትል) በሽታ መከላከያ ሥራ ሲባል የሁለት ወር ተኩስ አቁም ተገኘ። ከዚያ ተራዝሞ ስድስት ወር ሊሞላ ተቃረበ። ጤና ሠራተኞች ከዚያ በፊት ረግጠዋቸው የማያውቁ መንደሮች ገቡ። ውኃ ማጣሪያ ጨርቅ አደሉ፤ ሕፃናትን ከተቡ።

እንግዲህ ፋታን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። «ፋታ ታወጀ» ሲባል ሰው ደስ ይለዋል። መጠየቅ ያለበት ግን «ለስንት ሰዓት?» ብሎ ነው። ለአራት ሰዓት ከሆነ ሰው ውኃ ይቀዳል፣ አሮጊት እናቱን ይዞ ይሸሻል፤ ከዚያ በላይ ብዙ አይደረግም። ሆስፒታል ነዳጅ እንዲደርሰው ቀናት ያስፈልጋሉ። መኪናው ይጫናል፣ ይፈተሻል፣ ድንበር ይሻገራል፣ የፈረሰ መንገድ ይዞራል። ገበሬ ዘር ዘርቶ እንዲያጭድ ወራት ይጠይቃል። ቤት መሥራት ደግሞ በማንኛውም ፋታ ውስጥ የለም። ዓርብ ዳግም ቦምብ ሊወድቅበት በሚችል ሰፈር ማንም ማክሰኞ መሠረት አይጥልም። ባንክ አያበድርም፤ ኢንሹራንስ አይገባም።

በእስራኤልና በሐማስ ጦርነት ጋዛ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የሆነውን እናስታውስ። በኳታር፣ በግብፅና በአሜሪካ አሸማጋይነት ኖቬምበር 24 ቀን የአራት ቀን ፋታ ተጀመረ። ተራዝሞ ሰባት ቀን ቆየና ዲሴምበር 1 ጠዋት ተኩሱ ተመለሰ። በእነዚያ ቀናት 105 ታጋቾች ከጋዛ ወጡ። 240 ፍልስጤማውያን ከእስራኤል እስር ቤቶች ተፈቱ። በቀን 200 የእርዳታ መኪና ይግባ ተብሎ ነበር። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በሥራ ቀን ወደ 500 የሚጠጋ መኪና ይገባ ነበር። ሰው ግን ለማብሰያ ጋዝ ረጅም ሰልፍ ቆመ፣ ቤቱ መኖሩን ሊያይ በእግሩ ሄደ፣ ከፍርስራሽ ሥር ዘመዱን ቆፍሮ አውጥቶ ቀበረ።

በዓመቱ ደግሞ ፖሊዮ መጣ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 አንድ የ10 ወር ሕፃን በፖሊዮ ሽባ መሆኑ ተረጋገጠ። ጋዛ ውስጥ በ25 ዓመት የመጀመሪያው ነበር። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ በአካባቢ በአካባቢ እየተከፈለ በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ተኩስ ቆመ። ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 560,000 ገደማ ልጆች የመጀመሪያውን የክትባት ጠብታ አገኙ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ችግሩ ሁለተኛ ጠብታ ማስፈለጉ ነው። ሁለተኛው ዙር በኦክቶበር ሲጀመር ሰሜን ጋዛ ላይ የቦምብ ድብደባ ስለበረታ እዚያ ተስተጓጎለ። በኖቬምበር መጀመሪያ ሲቀጥልም ፋታው የተሰጠው ለጋዛ ከተማ ብቻ ነበር። እዚያው ሰሜን ባሉት በጀባሊያ፣ በቤት ላሂያና በቤት ሃኑን የነበሩ 15,000 ያህል ልጆች ጋ መድረስ አልተቻለም። ፋታ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በካርታም ይሸረፋል።

ከእኛው አገር አንድ ምሳሌ ላንሳ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ለሰብዓዊ እርዳታ ሲባል ግጭት ማቆሙን አወጀ። ከሳምንት ገደማ በኋላ የምግብ መኪኖች መቀሌ ገቡ። ምግብ ገባ፤ ባንክና ስልክ ግን አልተመለሱም። ነሐሴ 18 ውጊያው እንደገና ተነሣ። ወደ መቀሌ የመንገደኛ አውሮፕላን የበረረው፣ ስልክና ባንክ መመለስ የጀመሩት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። በፋታ በሚገባውና በስምምነት ብቻ በሚገባው መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ወደ ሕዝቡ ስሜት ልምጣ። ፋታ በታወጀ ቁጥር ሰው ይከፋፈላል። አንዱ «ዛሬ አብልቶ ነገ ለመግደል ነው ወይ?» ይላል። ሌላው «ጠላት ጥይት እንዲሞላ ጊዜ ሰጣችሁት» ይላል። የታጋች ቤተሰብ፣ የቁስለኛ ቤተሰብ፣ በከበባ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አንድም ሰዓት ብትሆን ይፈልጋታል። ሦስቱም ውሸት አልያዙም። እኔ ግን መጀመሪያ የምሰማው የሦስተኛውን ነው፤ ሰዓቱ የእሱ ሕይወት ነውና።

ክርክሩ ቃሉ ላይም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች ስለ ጋዛ «ፋታ» እንበል ወይስ «ፋታዎች» በሚለው ላይ ተከራክረዋል። ለውጭ ሰው እንደ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ለዲፕሎማት ግን «ፋታ» ረዝሞ ተኩስ አቁም ሊሆን ይችላል፤ «ፋታዎች» ግን አጫጭር ናቸው፤ ጦርነቱ በመሐላቸው ይቀጥላል። በመጨረሻ ብዙ ቁጥሩ ተጻፈ። በኖቬምበር 15 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2712ን በ12 ድምፅ ሲያጸድቅ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ሩሲያ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። እዚያም የተጻፈው «ፋታዎች» ነው። በዚያው ቀን ለንደን፣ የብሪታንያ ፓርላማ ውስጥ ተኩስ አቁም ይጠየቅ የሚለው ሐሳብ 293 ለ125 ወደቀ። የሌበር ፓርቲ መሪ ኪር ስታርመር ፋታ ይበቃል ባሉበት ሰዓት 56 የፓርቲያቸው አባላት ለተኩስ አቁም ድምፅ ሰጡ። ጎዳና ላይ የወጣው ሰልፈኛም የሚጮኸው «ተኩስ ይቁም» ነበር። ሰው የቃሉ ልዩነት ገብቶታል ማለት ነው።

ከዚያ የገንዘቡ ጥያቄ ይመጣል። «ፋታ ሲኖር የጦርነቱ ወጪ ይቀንሳል አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እምብዛም አይቀንስም። የሚተኮሰው ጥይት ይቀንሳል፤ ጦሩ ግን በተጠንቀቅ ይቆያል። እስራኤል በጋዛው ጦርነት መጀመሪያ ወደ 360,000 ተጠባባቂ ወታደሮች ጠርታለች። ሁሉም ከሥራ ገበታ የተነሡ ናቸው፤ በአራት ቀን ፋታ ወደ ቢሮና ወደ ፋብሪካ አይመለሱም። በ2023 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ኢኮኖሚዋ በዓመት ሲሰላ 20 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እስከ 2025 ያለውን የጦርነት ወጪ ወደ 250 ቢሊዮን ሰቅል (የእስራኤል ገንዘብ) ገምቷል። ይህ ቁጥር ለተራ ሰው ሩቅ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከ17 ወደ 18 በመቶ ሲያድግ ግን ሂሳብ በከፈለ ቁጥር ይሰማዋል።

በጋዛ በኩል ያለው ወጪ በታክስ አይለካም። የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታትና የአውሮፓ ኅብረት በጋራ ባወጡት ግምት የጋዛ ኢኮኖሚ በ2024 በ83 በመቶ ወረደ። የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ከ300 በመቶ በላይ ናረ። የአንድ በመቶ ታክስና የፈረሰ ቤት አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ሆኖም በሁለቱም በኩል ያለው ሰው «ማን ይከፍላል? እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቃል።

መልሶ ግንባታ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። ያው ግምት ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ለጋዛ በ10 ዓመት 53.2 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል አለ። በኦክቶበር የተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም 70 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው። በስምንት ወር ውስጥ ሂሳቡ ይህን ያህል ጨመረ። ለዩክሬን የተሠራው ተመሳሳይ ግምት በፌብሩዋሪ 2025 524 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እርዳታ ሰጪ አገራት እጃቸውን የሚሰበስቡት ገንዘብ አጥተው ብቻ አይደለም። ዛሬ የሠሩት ትምህርት ቤት ነገ ላለመፍረሱ ዋስትና ይፈልጋሉ። ይህን ዋስትና ፋታ ሊሰጥ አይችልም፤ እንዲሰጥ ተብሎም አልተፈጠረም።

ከግንባታው በፊትም ፍርስራሹ አለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የተባበሩት መንግሥታት የፈንጂ ማምከን ባለሙያዎች ጋዛ ውስጥ 37 ሚሊዮን ቶን ፍርስራሽ እንዳለ ገምተው ነበር። 100 መኪና ተመድቦለት ቢጀመር 14 ዓመት ይፈጃል አሉ። ውስጡ ያልፈነዳ ቦምብ አለ፤ የሰው አስከሬን አለ። ስለዚህ በግሬደር ዝም ብሎ አይገፋም። በኖቬምበሩ የሰባት ቀን ፋታ ዘመዶቻቸውን ለመቅበር የወጡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚቆፍሩት በእጃቸውና በአካፋ ነበር።