የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ፦ ጎንደር ላይ ከሚገባው በላይ የሚያስከፍሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዘዞ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው፣ ፒያሳ ሆቴል የከፈተ፣ ማራኪ ብረት የሚበይድ ሁሉ አንድ ሕግ ይመለከተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራል። ኢንሹራንስ የሚገባው ይህን ኃላፊነት ለማሻገር ነው። ትርፍ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከታሪፉ ሳይሆን ነጋዴው በችኮላ ሞልቶ ከሚሰጠው የደመወዝ ዝርዝር ነው።

«አረቦኑ የሚሰላው በሠራተኛ ብዛት ነው»

አይደለም። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ፣ የሚገኘው የዓመቱ ጠቅላላ ደመወዝ በሥራው ዓይነት ተመን (መቶኛ) ተባዝቶ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ልዩ ልዩ ሠራተኞች 7» ብለው በአንድ መስመር ከጻፉ፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ሰርኩላር መጋዝ ላይ በሚቆመው ሰው ተመን ትሰላለች። መድን ሰጪው ማን ምን እንደሚሠራ ካልተነገረው ከፍተኛውን ተመን ቢይዝ አይፈረድበትም።

በቁጥር እንየው። ተመኖቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የራስዎን ውል ተመን ይተኩባቸው። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በወር 9,000 ብር የሚከፈላቸው 5 አናጺዎች፣ 6,000 ብር የምታገኝ ገንዘብ ተቀባይ እና 5,000 ብር የሚያገኝ የሱቅ ሻጭ አሉት እንበል። የዓመቱ ደመወዝ 672,000 ብር ነው። ሁሉም በ1.2 በመቶ ሲሰላ አረቦኑ 8,064 ብር ይሆናል። ሲለያይ ግን የአናጺዎቹ 540,000 ብር በ1.2 በመቶ 6,480፣ የሁለቱ 132,000 ብር በ0.3 በመቶ 396፣ በድምሩ 6,876 ብር ይመጣል። የ1,188 ብር ልዩነት ነው፤ ያውም በየዓመቱ።

ለዚህ የሚያስፈልገው አራት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ ነው፦ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የሚሠራበት ማሽን ወይም ቦታ፣ የወር ደመወዝ። ሁለት ሥራ ደርቦ የሚሠራ ሰው ካለ ግን አይሸሽጉ። ሻጩ ከሰዓት በኋላ ፕላነር ላይ የሚቆም ከሆነ ሻጭ ብሎ ማስመዝገብ ጉዳት በደረሰ ቀን ክርክር ያስነሳል።

«አንዴ ከተከፈለ አለቀ»

ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። በውሉ መጀመሪያ የሚከፈለው በግምት ደመወዝ ላይ የተሰላ ጊዜያዊ አረቦን ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በእውነት የተከፈለው ደመወዝ ይቀርብና ሂሳቡ ይስተካከላል፤ ግምቱ በልጦ ከተገኘ ይመለሳል፣ አንሶ ከተገኘ ይጨመራል። ተመላሹን የሚያስገኘው ግን ይህ የዓመት መጨረሻ የደመወዝ መግለጫ ነው፤ መግለጫውን የማያቀርብ ሰው ግምቱን እንደከፈለ ይቀራል።

ጎንደር ላይ ይህ በተለይ ሆቴሎችን ይነካል። ጥር ለጥምቀት እንግዳ ሲጎርፍ፣ ሰርጉም ሲከታተል፣ አስተናጋጅና የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ይጨመራል። ውሉን የሚያድሰው ሰው የጥርን ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) አንስቶ በ12 ካባዛው፣ አንድ ወር የሠሩትን ዓመት ሙሉ እንደሠሩ አድርጎ ይከፍላል ማለት ነው። 8 ቋሚ እና 6 የጥር ሠራተኞች በወር 4,500 ብር ቢታሰቡ፣ የተሳሳተው ግምት 756,000 ብር፣ ትክክለኛው 459,000 ብር ነው። በ0.6 በመቶ ተመን ትርፍ ክፍያው 1,782 ብር ነው።

እንዲህ ያድርጉ። የ12ቱን ወራት ፔሮል ይደምሩ። ለገቢዎች ካቀረቡት የሥራ ግብር እና የጡረታ መግለጫ ጋር ያመሳክሩ፤ ሁለቱ ካልተጣጣሙ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው። ከዚያ በውሉ ላይ የተጻፈው የማቅረቢያ ጊዜ ሳያልፍ በደብዳቤ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመቱ። ውሉ ዝቅተኛ አረቦን የሚል አንቀጽ ካለው ተመላሹ ከዚያ ወለል በታች አያወርድም፤ ይህን ሲፈርሙ ነው ማየት።

«ለሠራተኛው የሚከፈል ሁሉ ደመወዝ ነው»

የአዋጁ አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ ውሎ አበልን፣ የመጓጓዣ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንን እና ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥርም። ሆቴሉ ሰርቪስ ቻርጁን ደምሮ ካስመዘገበ፣ ካሳው በማይሰላበት ገንዘብ ላይ አረቦን ይከፍላል። ሆኖም እነዚህን ከዝርዝሩ ከማውጣትዎ በፊት ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) «ደመወዝ» ወይም «ገቢ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያንብቡ። ትርጉሙ ሰፋ ያለ ከሆነ ውሉ ሳይፈረም በአዋጁ ልክ እንዲስተካከል ይጠይቁ።

«ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ብልህነት ነው»

ይህን የሚመክር ሰው አይጠፋም። 8,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ 3,000 ብር ብለው ቢያስመዘግቡ፣ በ1.2 በመቶ ተመን በዓመት የሚተርፍዎት 720 ብር ነው። በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ቢሳነው ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በእውነተኛው ደመወዝ 480,000 ብር፣ በተመዘገበው 180,000 ብር። የ300,000 ብሩ ልዩነት ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ያውም መድን ሰጪው 180,000ውን ያለ ክርክር ከከፈለ ነው፤ የንግድ ሕጉ ሆን ብሎ የተሳሳተ ነገር ላስመዘገበ ሰው ውሉን እስከ ማፍረስ ይሄዳል።

«ጡረታ እየከፈልኩ ስለሆነ ኢንሹራንሱ ድርብ ወጪ ነው»

አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታ ዘላቂ ጉዳትንና ሞትን ይመለከታል። የሕክምናው ወጪ ግን በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው ተኝቶ ሳለ የሚከፈለውም እንዲሁ፦ መጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። 8,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ይህ ብቻ 66,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ ሠራተኞችዎ በጡረታ የታቀፉ መሆናቸውን ይናገሩ፤ የትኛው ክፍል በጡረታው እንደተያዘ፣ የትኛው በፖሊሲው እንደሚሸፈን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

«ባለቤቱም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ»

ባለቤቱ የራሱ ተቀጣሪ አይደለም፤ በሥራ ውል የማይሠራን ሰው ስም መዝገብ ላይ መደርደር አረቦን ብቻ ይጨምራል። ለራሱ የሚሆነው የግል አደጋ ኢንሹራንስ ነው።

«በኮንትራት የመጣ ሁሉ የእኔ ሠራተኛ አይደለም»

በራሱ ንግድ ኃላፊነት ሥራውን ተረክቦ የሚያስረክብ ባለሙያ ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የእሱ ክፍያ ፔሮልዎ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ነገር ግን የራሱን ረዳቶች ይዞ ጣሪያ የሚሠራልዎትን ሰው የራሱን ኢንሹራንስ ሰነድ ይጠይቁት፤ ከሌለው አንዱ ረዳት ሲወድቅ ጣቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። የቀን ሠራተኛ ግን የእርስዎ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ጭነት ሊያወርድ ለሁለት ቀን የመጣውንም ስሙን፣ ቀኑን እና የተከፈለውን በደብተር ይያዙ። ደብተር ከሌለ ግምት ይገባል፤ ግምት ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚያጋድለው።

«ትንሽ ጉዳት ካሳወቅሁ ዋጋዬ ይጨምራል፤ ዝም ልበል»

በግራይንደር የተቧጨረች ጣት በሳምንቱ መርቅዛ ሆስፒታል ልታስተኛ ትችላለች። የንግድ ሕጉ ጉዳቱ ከታወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅን ያዛል። ዘግይተው ሲሄዱ ሙሉ የሕክምና ወጪው ለክርክር ይጋለጣል። ማሳወቅ ካሳ መጠየቅ አይደለም፤ አነስተኛውን ወጪ ራስዎ ከፍለው መዝገቡን ብቻ መያዝ ይችላሉ።

«ሁሉም ጋ ዋጋው አንድ ነው፤ ርካሹን መውሰድ ነው»

ሁለቱም አይሠሩም። ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሲያስወጡ ለሦስቱም ያንኑ ዝርዝር ይስጡ፤ አለዚያ የሚነጻጸር ነገር የለም። ከዚያ የሚያዩት ጠቅላላውን ብር ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሰው የተያዘውን የሕክምና ጣሪያ፣ ዝቅተኛውን አረቦን፣ ሽፋኑ የሥራ ሰዓት ብቻ ወይስ 24 ሰዓት መሆኑን ነው። 24 ሰዓቱ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ የኅብረት ስምምነት ካላስገደደዎት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ያለፉት ዓመታት የካሳ ታሪክዎ ንጹሕ ከሆነ ከቀድሞው መድን ሰጪ ደብዳቤ አስጽፈው ያያይዙ። የመጋዝ መሸፈኛ ካስገጠሙም ፎቶውን ይጨምሩ፤ ቅናሽ ሲጠየቅ ከቃል ይልቅ ወረቀት ይደመጣል። ሥራ ቤቱን በዓመቱ አጋማሽ ሊዘጉ ካሰቡ ደግሞ ተመላሹ በቀን ስሌት ነው ወይስ በአጭር ጊዜ ታሪፍ ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። በሁለተኛው መንገድ ስድስት ወር ቀርቶትም የግማሹን ያህል ገንዘብ አይመልስልዎትም።