ላይቤሪያ፦ ጠመንጃው ከተሰበሰበ በኋላ

በኖቬምበር 2023 የያኔው የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዊያ ስልኩን አንስቶ ተቀናቃኙን ጆሴፍ ቦዋካይን «እንኳን ደስ አለህ» አለ። በምርጫው የተሸነፈው በ20 ሺህ ድምፅ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ልዩነት ተኩስ የሚከፈትበት ሀገር ስንት አለ!

ያኔ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በ1989 የገና ዋዜማ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአማፂው መሪ የቻርልስ ቴይለር ተዋጊዎች ከአይቮሪ ኮስት ተሻግረው ኒምባ ግዛት ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሀገሪቱ ትንሽ ተንፈስ እያለች መልሳ እየተቀጣጠለች እስከ 2003 ድረስ ነደደች። የሟቹ ቁጥር ወደ 250 ሺህ ይገመታል።

እሳቱን በማጥፋት በኩል ሴቶቹ አይረሱም። ነጭ ለብሰው ሞንሮቪያ የዓሣ ገበያው አጠገብ በፀሐይና በዝናብ ተቀመጡ። አልበቃ ሲላቸው የሰላም ድርድሩ ወደሚካሄድበት ጋና፣ አክራ ድረስ ሄደው «ሳትስማሙ አትወጡም» ብለው የተደራዳሪዎቹን በር ዘጉ። ስምምነቱ በኦገስት 2003 ተፈረመ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ገባ፤ የእኛም ወታደሮች ነበሩበት። በ2018 ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

ኢኮኖሚው ግን እንዲህ ቶሎ አልተነሣም። ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በ2006 ሥልጣን ስትይዝ ዋና ከተማዋ ጨለማ ነበረች፤ የተወሰነ የመንገድ መብራት በጄኔሬተር ሲበራ ትልቅ ዜና ሆነ። ጦርነቱ ያወደመው የማውንት ኮፊ ግድብ ኃይል መስጠት የጀመረው በ2016 መጨረሻ ነው። በ2010 ለሀገሪቱ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሰረዘላት። እፎይ ስትል ኢቦላ መጣ፤ የብረት ዋጋም አብሮ ወረደ።

ችግሩ የቆየ ነው። የአሜሪካው ጎማ አምራች ፋየርስቶን ሃርቤል በተባለው ቦታ የጎማ ዛፍ መትከል ከጀመረ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛፉ ይደማል፣ ወተቱ መርከብ ላይ ይጫናል፣ የመኪናው ጎማ የሚሠራው ባሕር ማዶ ነው። የኒምባ ብረትም እንዲሁ በባቡር ቡካነን ወደብ ወርዶ ይሄዳል። ጠመንጃ ካስቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ እንጀራቸውን ያገኙት ከዚህ ሁሉ ሳይሆን «ፔንፔን» ከሚሏት የሞተር ሳይክል ታክሲ ነው።

ፍትሑስ? ቴይለር 50 ዓመት ተፈርዶበታል፤ ግን በሴራሊዮን ለተሠራው ወንጀል እንጂ በገዛ ሀገሩ ላደረሰው አይደለም። የእውነት አፈላላጊው ኮሚሽን ልዩ ፍርድ ቤት ይቋቋም ያለው በ2009 ነበር። ቦዋካይ መንገዱን ለመጥረግ ትእዛዝ የፈረሙት በ2024 ነው። እስከዚያ ድረስ የላይቤሪያ ተዋጊዎች ሲፈረድባቸው የታየው እንደ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ባሉ የውጭ ሀገር ችሎቶች ላይ ነው።