ቅዱስ ሰኞ ምንድን ነው?

ስሙን ሰምታችሁ ስንክሳር እንዳታገላብጡ፤ እዚያ የለም። ቅዱስ ሰኞ የእንግሊዝ የእጅ ባለሙያዎች ለራሳቸው ያወጡት በዓል ነበር። ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው፣ የሼፊልዱ ቢላ ሠሪ ሰኞ ሰኞ ሥራ አይገባም። በዓሉን አይሽርም። ልማዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ ነበር፤ እስከ 19ኛውም ዘልቋል።

እንዴት ያዋጣቸው ነበር? የሚከፈላቸው በሠሩት ዕቃ ቁጥር ልክ ነው። ቅዳሜ ማታ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። ሰኞ መጠጥ ቤት፣ የአውራ ዶሮ ፍልሚያ፣ ጨዋታ። ማክሰኞ እየተጎተቱ ይጀምራሉ። ሐሙስና ዓርብ ግን ሻማ አብርተው ያመሻሉ፤ ቅዳሜ ዕቃው መድረስ አለበታ! እኔ ይህን ስንፍና ለማለት አፌ አይደፍርም። ሥራው ይደርሳል፣ ጊዜው ግን የራሳቸው ነው።

በኋላ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ቅዱስ ሰኞን ስለማያከብር አለቃው እንደወደደው ራሱ ጽፏል። ሰኞ ሥራ መግባት ብቻውን ያስመሰግን ነበር ማለት ነው።

ጣጣው የመጣው ከፋብሪካ ጋር ነው። ጆሳያ ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1769 ኢትሩሪያ የተባለውን የሸክላ ፋብሪካ ሲከፍት ሠራተኛ በደወል እንዲገባ፣ ሰዓቱም እንዲመዘገብ አደረገ። ያም ሆኖ በአቅራቢያው ያለችው የቡርስለም ከተማ ዓመታዊ ክብረ በዓል ሲደርስ ሰዎቹ በዚያ ሳምንት አራት ቀን ሲጫወቱ ዋሉ ብሎ በደብዳቤ አማሯል። የእንፋሎት ሞተር ሲገባ ደግሞ ነገሩ ከረረ። ጫማ ሰፊ ቢቀር መርፌው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሞተሩ ግን ሰው መጣም ቀረም የድንጋይ ከሰሉን ይበላል። አንዱ ሲቀር የሌላውም ሥራ ይቆማል። ስለዚህ በሩ በሰዓቱ ይዘጋል፤ ያረፈደ ይቀጣል። የቆየው ልማድ «ከሥራ መቅረት» የሚባል ጥፋት ሆነ።

ሰኞ እንዲሁ በቅጣት ብቻ አልጠፋም፤ በልዋጭም ነው። የ1850ው የፋብሪካ ሕግ ሴቶችና ወጣቶች ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ እንዲወጡ አዘዘ። በበርሚንግሃምም አሠሪዎች የቅዳሜን ከሰዓት እየሰጡ ሰኞን ተቀበሉ። የእንግሊዝ እግር ኳስ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ የሆነውም ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ነፃ ስለወጣ ነው።