መከፈትን የሚያጋልጥ ተለጣፊ ምንድን ነው?

ከማር ጠርሙስ ክዳን ላይ ተነስታ በሁለቱም በኩል ወደ መስታወቱ የምትወርድ ቀጭን ወረቀት አይታችሁ ይሆናል። ለጌጥ የተለጠፈች ትመስላለች። ሥራዋ ግን ክዳኑ ሲዞር መቀደድ ነው። ከተቀደደች ጠርሙሱ ተከፍቷል ማለት ነው። ደህና ከሆነች ደግሞ ማሩ ከታሸገ በኋላ ማንም እጁን አላስገባበትም።

ይህች ወረቀት መክፈትን አትከለክልም። ትንሽ ልጅ እንኳ ይቀድዳታል። የምትሰጠው ምስክርነት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ወረቀት የሚያስስ ሰው ገና ሲጀምር ተሳስቷል። የሚፈለገው ደካማ ወረቀትና ብርቱ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ሲበረታ፣ ሊልጣት የሞከረ ሰው ይቀድዳታል። ወረቀቱ ሲበረታ ግን እንዳለች ትነሳና ተመልሳ ትለጠፋለች። ያን ጊዜ ባትኖር ይሻል ነበር፤ የተከፈተውን ጠርሙስ አልተከፈተም ብላ ትመሰክራለችና።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የግብፁ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ የነበሩት የወይን ጠጅ እንስራዎች አፋቸው በጭቃ ተደፍኖ፣ ጭቃው ላይ ማኅተም ተመቶበት ነበር። በእኛ ዘመን ነገሩን ያከረረው እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ የደረሰው አደጋ ነው። ታይሌኖል በተባለው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ አንድ ሰው ሳያናይድ የተባለ መርዝ ጨምሮበት ሰባት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ማዘዣ ለሚሸጡ መድኃኒቶች የማሸጊያ ደንብ አወጣ።

ማር ይህን የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት አለው። ማርማላታ ትኩስ እንዳለ ስለሚታሸግ፣ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። መጀመሪያ ሲከፈት «ጧ» የሚለው ለዚህ ነው። ማር ግን እንዲያ አይፈላም። ሙቀት ኢንዛይሞቹን ይጎዳል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል። ስለዚህ የማር ክዳን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ተከፍቶ ቢዘጋም ለዓይን ልዩነት የለውም። በዚያ ላይ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። ኮዴክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መሠረት የማር ውኃ በጥቅሉ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ሲያልፍ እንደ ጠጅ የመብላላት ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ክዳኑ ላልቶ የቆየ ማር ሌላ ሰው ምንም ባይጨምርበት እንኳ ራሱ ሊበላሽ ይችላል።

ቤት ውስጥ ለመሥራት ተራ የማተሚያ ወረቀት ይበቃል፤ ቀጭን ሲሆን ደግሞ ይመረጣል። ከላስቲክ የተሠራ ስቲከር ይቅርባችሁ፤ ይለጠጣል እንጂ አይቀደድም። ወረቀቱን በግልጽ ፕላስተር መሸፈንም ያው ነው፤ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ስፋቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ግድም ይሁን። ርዝመቷ ክዳኑን አቋርጦ በየጎኑ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር መስታወቱ ላይ የሚያርፍ ይሁን።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው፤ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው በኩል ተንሻፎ ይሄዳል። አንድ ወረቀት በሁለቱም በኩል ቀድዳችሁ ሞክሩት። ቀጥ ብሎ የሚሄደው መስመር የተለጣፊዋን ወርድ እንዲያቋርጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ የክዳኑ ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በግራም በቀኝም በመቀስ ጫፍ ትንሽ ጫር አድርጉ። ክዳኑ ሲዞር ኃይሉ ያለው እዚያው ነው። ይህች ጭረት ከሁሉም በላይ የምትሠራ ነገር ናት፤ ዋጋዋም ምንም ነው።

ማጣበቂያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዱቄት የተሠራ ሙጫ መስታወት ላይ ደህና ይይዛል። ወተት እንኳ ወረቀትን ከመስታወት ጋር ያጣብቃል። ሁለቱም ግን በእርጥብ ጨርቅ ሊለቁ ይችላሉ፤ ለላስቲክ ክዳን ደግሞ ደካማ ናቸው። ለመሸጥ ከሆነ ቋሚ ማጣበቂያ ያለው የወረቀት ስቲከር እመርጣለሁ። የትኛውንም ብትጠቀሙ መጀመሪያ ክዳኑን አጥብቁ። ማሩ ሞቅ ብሎ ከሆነ ይቀዝቅዝ። አፉ ዙሪያ የተንጠባጠበውን ማር በሞቀ ውኃ በነከራችሁት ጨርቅ ጥረጉና በደንብ አድርቁ። ማር የነካው መስታወት ላይ ምንም ነገር በቅጡ አይጣበቅም። ከለጠፋችሁ በኋላ በጣት እየተጫናችሁ በተለይ ከክዳኑ ጠርዝ በታች ያለውን አስተካክሉ፤ አንድ ቀን ያህልም ሳትነካኩት ይቆይ።

ባዶ ነጭ ወረቀት ማንም ሰው ቀዶ በሌላ ሊተካው ይችላል። ስለዚህ ፊርማ፣ የታሸገበት ቀን ወይም የዙር ቁጥር (በአንድ ጊዜ አብረው የታሸጉትን የሚለይ ቁጥር) በእጅ ጻፉበት፤ ጽሑፉም ክዳኑንና መስታወቱን አቋርጦ ይሂድ። እንዲህ ሲሆን የተቀደደውን መልሶ ማገጣጠም ከባድ ነው። ውኃ ሲነካው የሚፈስ ቀለም አትጠቀሙ። ዋናው መለያ ላይም «ይህ ወረቀት ከተቀደደ አይግዙ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑር። ገዢው መኖሯን ካላወቀ ስትጠፋም አያውቅም።

ይህን ሁሉ አድርገንም ወረቀቷ የማታውቀው ነገር አለ። ማሩ ከመታሸጉ በፊት ስኳር ተቀላቅሎበት ከሆነ፣ እሷ የተቀላቀለውን ማር በታማኝነት ትጠብቃለች። ንጽሕናውን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ለገዢ ስናስረዳ «ንጹሕ ነው» ብለን ሳይሆን «ካሸግሁት በኋላ አልተከፈተም» ብለን መናገር ይገባናል። ከዚህ ያለፈ ተስፋ መስጠት ሰውን ማታለል ነው።

ለገበያ ከማውጣታችሁ በፊት ፈትኗት። አንዱን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱን ፀሐይ ላይ አሳድሩት፤ ሌላውን የፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ያዙት፤ ለአንዱ የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ስጡት። ብዙ ማጣበቂያ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በቅዝቃዜም ደርቆ ይላቀቃል። ከዚያ እጁ ረቂቅ የሆነ ወዳጃችሁን ጥሩና ምልክት ሳይተው እንዲከፍት ለምኑት። ከተሳካለት መጀመሪያ ማጣበቂያውን ቀይሩ፤ ያም ካልበቃ ይበልጥ የሳሳ ወረቀት ተጠቀሙ።