ከሐረር የቦታ ስሞች ጀርባ ያለው እርሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የሐኪም ተራራ ስሙን ያገኘው ከሐኪም ቤት ነው»

አይደለም። ከከተማው በስተደቡብ ያለው ተራራ የተጠራው በአው ሐኪም ነው፤ መካነ መቃብራቸውም እዚያው ነው። «አው» በሐረሪ ቋንቋ አባት ማለት ሲሆን የቅዱሳን መጠሪያም ነው። አማርኛ ተናጋሪ «አው»ን ሲጥላት የቀረውን በራሱ ቋንቋ ተረጎመውና ሐኪም ዶክተር ሆነ። በዙሪያው «አው» ያለበት የቦታ ስም ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የእርሻው ባለቤት ሳይሆን አዋች (ቅዱሳን አባቶች) የተቀበሩበት ቦታ ነው።

«መኪና ግርግር የመኪና መንገድ ነበር»

መኪናው የስፌት መኪና ነው። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው።

«ከጀጎል (የሐረር ግንብ) በሮች ስሞች ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው»

ሁሉም ትክክል ናቸው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች በሐረሪ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ ይባላሉ፤ በአማርኛ በዚያው ቅደም ተከተል ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳና ሸዋ በር። ኤረር በር መንገዱ የሚወርድበትን ሸለቆ ይናገራል፤ አርጎብ በሪ አርጎባዎችን ያስታውሳል። አንዱን ሰርዞ ሌላውን በታፔላ ላይ ብቻውን መጻፍ ግማሹን ታሪክ መጣል ነው። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ግን ከአምስቱ አይቆጠርም፤ የተከፈተው ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነው።

«ሐረሪ ነጋዴ እንጂ እርሻ አያውቅም»

ይህ በጣም የተዛባ ነው። የከተማው ቤተሰቦች ከግንቡ ውጭ የቡና፣ የጫትና የማሽላ መሬት ነበራቸው፤ ብዙውን የኦሮሞ ገበሬዎች እያረሱ ምርቱን ይካፈሉ ነበር። ይህ የተቋረጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ነው። ዛሬ እርሻው በከተማው ቤተሰብ እጅ ስለሌለ ነው ድሮም ያልነበረ የሚመስለው።

«ቦታው የሰው ስም ከያዘ ያ ሰው መሬቱን ያርስ ነበር»

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት የእኛ አጠራር ነው። የአሕመድ ዩሱፍ ልጅ ኢብራሂም አሕመድ ይባላል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ዘከሪያ ኢብራሂም። በሦስተኛው ትውልድ ዩሱፍም አሕመድም ከስሙ ወጥተዋል፤ ስለዚህ በስም መመሳሰል ብቻ ዝምድና አይረጋገጥም። ዘሩን እስከ አያት ቅድመ አያት አስቆጥሮ መጻፍ ግድ ነው።

ሁለተኛው ከሰነዱ ይመጣል። ከ1967 በፊት የነበረ የግብር ደረሰኝ የሚያሳየው ከፋዩን ነው። በዚያው መሬት ላይ ለትውልድ ያረሰው ጭሰኛ ስሙ አይገኝበትም፤ ደረሰኙን ብቻ ያየ ሰው አራሹን ቤተሰብ አልነበረም ብሎ ይደመድማል። ለአራሹ ከአዋጁ በኋላ የተቋቋሙትን የገበሬ ማኅበራት የአባላት መዝገብ ማየት ይሻላል፤ የቀድሞ ጭሰኞች የተመዘገቡት እዚያ ነው።

ቦታው ላይ ሲኬድ ደግሞ ስሙን በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ለየብቻ፣ ከተለያዩ አዛውንቶች መስማት ያስፈልጋል። አብረው ከተጠየቁ የመጀመሪያው ተናጋሪ ያለውን ሌላው ይደግመዋል፤ ልዩነቱም ሳይመዘገብ ይቀራል።